ግማሽ ሚሊ

ሽባባው በዓይኑ አይቷል። የሚስቱ አባት ጋሽ አዘዘ በሞተሩ ብሎክ ላይ የብረት ማስመሪያውን አጋደሙ፤ ፒስተኑን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አወጡት፤ ከማስመሪያው ሥር ውፍረቱ የተጻፈበትን የመለኪያውን ስስ የብረት ቅጠል ሰደዱና «ግማሽ ሚሊ» አሉ። ቅጠሉ ግን ሲወጣ እንደ ወረቀት ታጠፈ። የግማሽ ሚሊ ብረት እንደዚያ አይታጠፍም።

ቅዳሜ ረፋድ ነበር፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው የስደት ሰፈራቸው በተከራዩዋት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ። አሮጌዋን ኦፔል መኪና የገዟት ለሚስቱ ለብርነሽ ነው። ሮተርዳም ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ባቡር እየቀያየረች ለማለዳው ፈረቃ መድረስ አንገሽግሿታል። ሰኞ በመኪና እንደምትሄድ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች።

ብሎኩ ከቶርኖ ቤት የመጣው ፊቱ ተልጎ ነው። በተላገ ቁጥር ፒስተኑ ከላይ ለሚከደነው ለቴስታታው ይቀርባል። ግማሽ ሚሊ ዝቅ ካለ ሰላም ነው፤ ካነሰ ግን በመሃል ወፍራም ጋስኬት ካልገባበት፣ ሞተሩ ግሎ ሲሮጥ ፒስተኑ ቴስታታውን መምታት ይጀምራል። መምታት ከጀመረ ደግሞ የሚሰበርበትን ቦታ አይመርጥም።

ሽባባው ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ጋሽ አዘዘ ናቸው። አዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ጋራዥ ዋና ሜካኒክ ሳሉ መለኪያ የሚይዙት ለወጉ ነበር፤ ልኩን አውራ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ሙያውንም ሚስቱንም ያገኘው ከሳቸው ቤት ነው። ታዲያ እሳቸው የለኩትን እንዴት አድርጎ ይደግማል? በፊታቸው ቢሆን ድፍረት፣ ከጀርባቸው ቢሆን ስድብ።

ጋሽ አዘዘ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩት።

«ልክ ነው፣ አይደል?»

«እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ ጋሼ።»

ቴስታታውን ከደኑት። ይሉኝታ የሚባል ነገር እንዲህ ነው፤ ሁለት አዋቂ ሰዎች እያዩ ብሎን ያስጠብቃል።

እሑድ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሽባባው መኪናዋን በአጎራባቹ ትራንስቫል ሰፈር ቀስ እያለ ነዳት፤ ደኅና ናት። ሞተሩ ሲግልና ነዳጁን ጫን ሲያደርግ ግን ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። ቅጭ፣ ቅጭ። እግሩን ሲያነሣ ጠፋ። ቫልቭ ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሆዱ ግን አላመነም። ፈራ።

«ከሰማንያ በላይ እንዳትነጂ» አላት ብርነሽን።

«በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ በስኔልቬኽ ላይ በሰማንያ? ካሚዮኑ ሁሉ ሊወጣብኝ ነው እኮ። ለምን?»

«አዲስ ሞተር ስለሆነ ነው።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ ሄደች። ሽባባው ወደ ሥራው ሊሄድ ሲወጣ እግሩ ወደ ጋራዡ ወሰደው። መለኪያው ሳጥኑ ላይ እንዳለ ነው፤ ቅዳሜ የገባው ቅጠል እንደወጣ አልተመለሰም። ዘይቱን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቁጥሩን አነበበ። 0,05። የግማሽ ሚሊ አንድ አሥረኛ።

«ስንት ይላል?» አሉ ጋሽ አዘዘ። በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እሳቸውንም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ነገራቸው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ ሰባት ዓመት የቢሮ ወለል ያጸዱበት ኬሚካል የጣቶቻቸውን ጫፍ ልጦ አደንዝዞታል።

«ካምና ወዲህ ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ እንኳ አይለዩልኝም። ቁጥሩም አይታየኝም» አሉ። «ለዚያ እኮ ነው ልክ ነው ወይ ያልኩህ። አንተ ደግመህ ትለካለህ ብዬ።»

 ሽባባው ትራም ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው የስልክ ሣጥን ሮጠ፤ ሳንቲም ከትቶ ብርነሽ ወደምትሠራበት መኖሪያ ደወለ። ከመኖሪያው አንዲት ሴት አነሣች። የሚስቱን ስም ሲነግራት ቆይ ብላው ሄደች፤ ተመልሳም ብርነሽ እንዳልገባች ነገረችው። ፈረቃው ከጀመረ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አልፏል። ጋሽ አዘዘ ከውጭ ሆነው በመስታወቱ ፊቱን ያያሉ።

«አትጨነቅ» አለችው ሴትዮዋ፣ «ባቡሩ ዘግይቶባት ይሆናል።»

«በመኪና ነው የመጣችው» አላትና በመስታወቱ በኩል ጋሽ አዘዘን አየ።