ሳውዝ ሲ የፈላው ጠላ

የሕዝቅያስ እንጀራ ያበጠ ዕቃ አውሮፕላን ላይ እንዳይጫን መከልከል ነው። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ካለው የአየር ማረፊያ ካርጎ መጋዘን ቆሞ፣ ጎኑ የተነፋ ጄሪካን ወይም ክዳኑ የሚያፏጭ ጣሳ ሲያይ «ይህ አይሄድም» ይላል፤ ማንም አይከራከረውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ ይኸው ሰው ዛሬ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ባለው ኩሽናው ውስጥ ሆዱ የተነፋ ሰማያዊ በርሜል ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠላ ነው። ዘንድሮ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሱ ነው፤ ባለቤቱ ሠርክ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ተክሉ፣ አዝነውለት «ልጄ፣ ለስላሳ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምህም» ብለውት ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ። ሠርክ በሕይወት ሳለች ተራቸው በደረሰ ቁጥር ጠላዋ ይወደስ ነበር። ለስላሳ የቀረበ ቀን ስሟም አብሮ ከማኅበሩ ይወጣል ብሎ ፈራ። እውነቱን ለመናገር ይህ ፍርሃት ከሐዘኑ የባሰ ነበር።

ስለዚህ ጠመቀ። ጌሾና ብቅሉን ከኢስሊ ገበያ ገዛ፣ ጠነሰሰ፣ ደፈደፈ፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ያጠፋው ኋላ ነው። ልጅ ሆኖ እናቱ ጋኑን ሞልታ አፉን በጭቃ ስትመርግ አይቷል። ናይሮቢ ጭቃ ሞልቷል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አልጣበቅ አለው። በጭቃው ፈንታ ክዳኑን በካርጎ ማሸጊያ ፕላስተር ዙሪያውን ጠመጠመው። ጭቃ ትንፋሽ እንደሚያሳልፍ፣ ፕላስተር ግን እንደማያሳልፍ ማንም አልነገረውም።

በማግስቱ በርሜሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ቀጥሎም ማፏጨት። የቤቱ ባለቤት አብዱረህማን በሩን አንኳኳ። የሐረር ልጅ ስለሆነ አማርኛው የሚታማ አይደለም።

«ቧንቧ ፈነዳ እንዴ? ግድግዳው ይጮኻል እኮ!»

«አይ፣ ምግብ ነው።»

«ምን ዓይነት ምግብ?»

ሕዝቅያስ ጨነቀው። «የሚጠጣ» አለ።

አብዱረህማን ጥቂት አሰበና «ባልሰማ ይሻለኛል» ብሎ ሄደ።

ሕዝቅያስን ያስጨነቀው ጩኸቱ ብቻ አልነበረም። የሠርክ በርሜል ኩሽናው ጥግ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር እንጂ አንድም ቀን ድምፅ አሰምቶ፣ አረፋ ተፍቶ አያውቅም። ይህ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሊደፋው ብድግ አለ፤ የሚደፋው እሷን መሰለውና ተመልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ላላቸው ለታላቅ እህቷ ለእትዬ ሚዛን ደወለ።

«እትዬ፣ ይጮኻል።»

«ማን?»

«ጠላው።»

ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ መጡ። በርሜሉን አዩ፣ ፕላስተሩን አዩ፣ እሱን አዩ። «በስመአብ!» ብለው ፕላስተሩን በቢላ ሲቆርጡት ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያ ነካ። አረፋው ግድግዳውን፣ ፍሪጁንና የእትዬ ሚዛንን ነጠላ አዳረሰ። ሕዝቅያስ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ የመጋዘኑ ደንብ እንደዚያ ነው የሚለው።

«ተነሥ እባክህ» አሉት፣ አረፋውን ከቅንድባቸው እየጠረጉ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ምንም አልሆነም። ጠላ ካልፈላ ምኑን ጠላ ሆነ? በጨርቅ ሸፍነውና ይተንፍስ።»

«የሠርክ እኮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

እትዬ ሚዛን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አሉ። «የሠርክ ጠላ የሚመጣው ከእኔ ቤት ነበር። ፈልቶ ያለቀ ጠላ ምን ብሎ ይጮኻል?»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንተ ኢምባካሲ ስትውል በታክሲ እልክላታለሁ። መጀመሪያ ልትነግርህ አስባ ነበር። አንተ ግን ቀምሰህ በሰው ፊት ‹ሙያ ማለት ይህ ነው› ስትል አቀረቀረች። ከዚያ ወዲያማ በምን አፏ ትናገር?»

ሕዝቅያስ ተናደደ። ሞቶ የተቀበረ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ አይመችም፤ መልስ አይሰጥም። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያሞግሳት አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትል እንደነበር ትዝ ሲለው ግን አሳዘነችው። ናፈቀችውም፣ ክፉኛ።

የማኅበሩ ዕለት ቤቱ ጢም አለ። ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ተቀዳ። ጋሽ ተክሉ ተጎነጩና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ይህማ ከእስከ ዛሬው ይበልጣል! ማነው የጠመቀው?»

ሁሉም ወደ ሕዝቅያስ ዞሩ። እትዬ ሚዛንም ኩሽናው በር ላይ ቆመው ያዩታል። «እኔ ነኝ» ቢል እውነቱን ነው።

«የሠርክ አጠማመቅ ነው» አለ። «ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

«ነፍሷን ይማር፣ ባለሙያ ነበረች!» አሉ ጋሽ ተክሉ።

«አሜን» አሉ እትዬ ሚዛን። ማንቆርቆሪያውን ይዘው መጡና ለሕዝቅያስ ሞልተው ቀዱለት።