የጉግሳ የከሰል መኪና

ጉግሳ ክብሪት ለኮሰና ወደ ቧንቧው አፍ አስጠጋ። ሚስቱ ፈለቀች በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና የማራገቢያውን እጀታ ታዞራለች። መጀመሪያ ጭስ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለና ጸንቶ ቆመ።

"ያዘ! አላልኩሽም?" አለ ጉግሳ።

"ነበልባልማ የኔም ምድጃ አለው፤" አለች ፈለቀች ላቧን እየጠረገች። "እስቲ መጀመሪያ መኪናዋ ትንቀሳቀስ።"

ጊዜው የካቲት 1966 ነበር። ቤንዚን ተወዶ በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች አድማ ከመቱ ወዲህ፣ አሰበ ተፈሪ የነዳጅ ቦቴ ካየች ሰንብታለች። ባለመኪናው ሁሉ መኪናውን ሸራ አልብሶ ተቀምጧል። ባለጋራዡ ጉግሳ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። በጣሊያን ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በከሰል የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች አይቶ ነበርና፣ ከዘይት በርሜል ምድጃ ሠርቶ ከአሮጌ ፊያቱ ኋላ ሰቀለ። በርሜሉ ውስጥ ከሚነደው ከሰል የሚወጣው ጋዝ በረጅም ቧንቧ እየበረደ ይመጣል፤ ጥቀርሻውን የቃጫ ማጣሪያ ያስቀርለትና ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የሰፈሩ ሰው "ጉግሳ መኪናውን ሊጠብሳት ነው" እያለ ስቋል። እሱም አብሮ ስቆ ሥራውን ቀጥሏል።

ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ተነሳ። ፈለቀች ሳታስበው እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታው ሳያበቃ፣ ከሰል የሚያመጣላቸው በክሪ እያለከለከ በበሩ ገባ።

"ኦቦ ጉግሳ፣ መኪናህ ይሄዳል?"

"ምነው በክሪ? ምን ሆነሃል?"

"ሚስቴ ሞሚና! ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ እምቢ አለ። በቃሬዛ እንዳናመጣት ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው።"

ፈለቀች ባሏን አየችው። "ገና ከግቢ ያልወጣች መኪና እኮ ናት።"

"ዛሬ ትወጣለቻ!" አለ ጉግሳ። "አንቺም ግቢ። ሴት ያስፈልጋታል።"

በገለምሶ መንገድ እስከ በክሪ መንደር ድረስ ቁልቁለት ስለነበር ፊያቷ እንደ ውሃ ወረደች። ሞሚናን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ራሷን ፈለቀች ጭን ላይ አደረጉት።

"መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ፤" አለ ጉግሳ። "የከሰል ጋዝ ሳይታወቅ ነው የሚገድለው።"

ሲመለሱ ግን ዳገቱ ጠበቃቸው። ፊያቷ ግማሹን እንደወጣች አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ አለች። ጉግሳ ድንጋይ ጎማ ሥር ወሽቆ ማጣሪያውን ከፈተ። ቃጫው በጥቀርሻና በእርጥበት ተለውሶ ጭቃ መስሏል። ከውስጥ ሞሚና "ያ አላህ!" ስትል ጉግሳ ቃጫውን መዝዞ ጣለው።

"ንጹሕ ጨርቅ! ደረቅ ጨርቅ አምጡልኝ!"

በክሪ ለአፍታ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ነጭ ጥምጣሙን ከራሱ ላይ ፈታው።

"ይሄ ይሆናል?"

"ይሆናል፤ ግን ከእንግዲህ አትጠመጥመውም።"

"ከሞሚና ይበልጣል እንዴ?"

ጉግሳ ጥምጣሙን አጣጥፎ ማጣሪያው ውስጥ ጠቀጠቀ፣ አመዱን አራገፈ፣ ማራገቢያውን በክሪ እንዲያዞር ሰጠው። ነበልባሉ እንደገና ቦግ አለ። ሞተሩ ሲነሳ በክሪ ከኋላ ገፋ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችም ጭነታቸውን መሬት ጥለው አብረውት ገፉ። ፊያቷ እያቃሰተች ዳገቱን ጨረሰች።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አዋላጇ ሙሉመቤት ሞሚናን ተቀብላ አስገባቻት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሉመቤት ብቅ አለች።

"ሴት ልጅ ናት። እናትየውም ደህና ናት። ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሁለቱንም እናጣቸው ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ በክሪ በጥቀርሻ የጠቆረ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

ወሬው ከተማውን ስላዳረሰው ፊያቷን ሰው ከቧታል። ባለሱቁ አብዱልቃዲር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ቀረበ።

"ጋሼ ጉግሳ፣ የጭነት መኪናዬ ቆሞብኛል። ነገ ጠዋት እንደዚህ ያለ ምድጃ ይጀምሩልኝ። የጠየቁኝን እከፍላለሁ።"

"እጀምርልሃለሁ፤" አለ ጉግሳ ሳያመነታ። "እሱን ለኔ ተወው።"

ጠዋት አብዱልቃዲር መኪናውን በበሬ አስጎትቶ ጋራዡ ደጃፍ አቆመ። ጉግሳ ግን ፊያቷ ውስጥ ተንበርክኮ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ብሎኖች ይፈታ ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ፈለቀች። "ሰውዬው ቆሞ ይጠብቅሃል።"

"ሞሚና መንገዱን ሁሉ እግሯን መዘርጋት አቅቷት ነበር። ይሄ ወንበር ከወጣ ቀጣዩ ሕመምተኛ ተጋድሞ ይሄዳል።"

"መንገደኛስ የት ይቀመጣል?"

"ከኋላ ይጠጋጋ!" ጉግሳ የመጨረሻውን ብሎን ፈትቶ ወንበሩን አወጣ። "አብዱልቃዲር፣ ና እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ፤ ከዚያ ያንተን እንጀምራለን።"