ባለ ጠባሳው ጽዋ

ሺዙኖ ኪዮቶ ውስጥ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ራኩ የሚባለውን የሻይ ጽዋ ስትሠራ ጭቃውን በመዳፏ አቅፋ ነው የምታቀናው። እሳቱን ግን ብቻዋን አትችለውም። ጽዋው እቶን ውስጥ ፍም መስሎ መስታወት መሳይ ቅቡ ሲቀልጥ፣ እሷ በጉጠት እስክታወጣው ድረስ ወናፉን የሚያናፋ ሰው ያስፈልጋታል። ይህ ደግሞ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው የጎረቤቷ የጌንሳኩ ሥራ ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እሳት በተለኮሰ ቁጥር ሳይጠራ ይመጣል፤ እሷም ሻይ ታጠጣዋለች። ክንዱ ብርቱ ነው፤ ወሬው ግን ከወናፉም ይብሳል።

አንድ ጠዋት ሺዙኖ በጣም የወደደችውን ጽዋ በጉጠት ይዛ ስታወጣ፣

"እትዬ ሺዙኖ፣ አማቴ ልጃቸውን ስጠይቃቸው ልክ እንዲህ ነበር የቀሉት!" አላት።

ሳቋ አመለጣት። ጉጠቱ ተንሸራቶ የቀለጠውን ቅብ ገፈፈውና ሰፊ ጠባሳ ጥሎበት ቀረ። ጌንሳኩ ይህን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

በሚቀጥለው እሳት አልመጣም። ሺዙኖ እህቷን ጠርታ አስናፋች። እህቷ ዝምተኛ ናት፤ ጽዋዎቹም ያለ እንከን ወጡ። ቀኑ ግን ለሺዙኖ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነባት።

በማግስቱ ባለ ጠባሳውን ጽዋ በጨርቅ ጠቅልላ ቶፉ ቤቱ ሄደች።

"ምነው ጋሽ ጌንሳኩ፣ ተጣላን እንዴ?"

"በምን ዓይኔ ልምጣ? ጽዋዎን አበላሸሁት እኮ።"

"ያበላሸ ይጠጣበታል!" አለችና እዚያው ባንኮኒው ላይ ይዛ የመጣችውን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ጽዋው ውስጥ በፍል ውሃ መትታ ሰጠችው።

ጌንሳኩ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አውራ ጣቱ ጠባሳው ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ጠጣና ፊቱን አጨማደደ።

"እንዴት ነው?"

"ጽዋው ግሩም ነው።"

"ሻዩስ?"

"እውነቱን ልንገርዎ? ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያጠጡኝ በሆዴ ሳለቅስ ነው የኖርኩት። ሬት ነው!"

ሺዙኖ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ታዲያ ለምን ይጠጡ ነበር?"

ጌንሳኩ ዓይኑን ቶፉው ላይ ተከለ። "የሚያቀብሉኝ እርስዎ ነዎታ።"

ሺዙኖ ጨርቁን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው።

"ነገ እሳት አለኝ" አለች በመጨረሻ። "ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ። ሩዝና ሾርባ ነው፤ ሻይ የለም።"

በነጋታው ጌንሳኩ ገና በማለዳ በሯ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፀጉሩን ተቆርጦ።