እንግዳው እስኪመጡ የማይታጨድ ሣር

«የበዓሉ ሣር አልቋል፤ ቅዳሜ ተመለሺ» አሏት ዘበኛው ጋሼ ደመላሽ፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

ያለምወርቅ ሣር ልትገዛ አልመጣችም። ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የተላከች ተማሪ ናት፤ ደብዳቤውም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ማረም ከበዳትና «እሺ» ብላ በሉማሜ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የጣቢያው ኃላፊ አቶ አንተነህ ለምሳ ሲወጡ ባያገኟት ኖሮ ልምምዷ እዚያው ድንጋይ ላይ ባለቀ ነበር።

ጣቢያው የኳስ ሜዳ ሣር ዝርያ ያሻሽላል፤ ዘሩንም ያባዛል። ለእሷ የደረሳት ዘጠነኛው መደብ ነው፤ ውርጭ የማይደፍረው፣ ቢረግጡት መልሶ ቀና የሚል፣ ሦስት ዓመት የተለፋበት ሣር። በየማለዳው ተንበርክካ ዛላውን በጣቷ ታሸዋለች። ኅዳር ውስጥ፣ በአንዱ ሰኞ፣ ዘሩ መዳፏ ላይ ቀረ።

«አቶ አንተነህ፣ ደርሷል። ካልታጨደ ይረግፋል» አለች በስንት መከራ።

«አጨዳውን የሚያስጀምሩት የክብር እንግዳው ናቸው። ነገ ይመጣሉ።»

«ዘሩ ግን…»

«እንግዳ ሳይቀምስ ድግስ ይነሣል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

በማግስቱ እንግዳው ስብሰባ ገቡ። ሐሙስ ደግሞ ያንን ስብሰባ ለመገምገም ተሰበሰቡ። እስከዚያው ድንኳኑ ተተከለ፣ ማጭዱ ሪባን ታሰረለት፣ ባነሩ ቀኑ እየተቀየረ ሦስቴ ታተመ። ሣሩ ብቻ መርሐ ግብሩ አልደረሰውም፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፋል።

ዓርብ ጧት ያለምወርቅ ነጠላዋን ከሥሩ አንጥፋ ዛላውን ማራገፍ ጀመረች። ጋሼ ደመላሽ ከኋላዋ ደረሱ።

«ምነው፣ ጉትቻ ጠፋብሽ?»

«ዘሩን… ሳያልቅ ብዬ ነው። አልተፈቀደልኝም።»

«እንግዲህ እኔ አላየሁም» አሉና የነጠላውን ሌላ ጫፍ ያዙላት።

ሰኞ እንግዳው መጡ። ባለሪባኑን ማጭድ አንሥተው ባዶ ገለባ አጨዱ፤ ለካሜራውም ከፍ አድርገው «ይህ ዘር አገር ያለብሳል!» አሉ። ተጨበጨበ። አንዲት ፍሬ እንኳ ጠብ አላለችም። አቶ አንተነህ ይህንንም አላለፉትም፤ «የማይረግፍ ዝርያ ነው» ብለው አስረዱ።

ከሽኝቱ በኋላ መዝገቡን ከፊቷ ዘረጉላት። «የአጨዳ ቀን፣ ሰኞ። ጠባይ፣ አይረግፍም። ጻፊ።»

እንደዚያ ከጻፈች፣ ከርሞ ዘሩን የሚያባዛው ገበሬ መዝገቡን አምኖ ሲጠብቅ ዘሩ ማሳው ላይ ያልቅበታል። ካልጻፈች የልምምድ ውጤቷ በእኚህ ሰው እጅ ነው፤ ከወደቀች ደግሞ ዘንድሮ አትመረቅም።

«ዛሬ የታጨደው ገለባ ነው» አለች ወለሉን እያየች። «ዘሩን ዓርብ እኔ ሰብስቤዋለሁ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«አፍ የላትም ብዬ ነበር እኮ!»

እስክሪብቶውን አነሣችና «ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬። በጣም ይረግፋል» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።

አቶ አንተነህ ከመቶ ሃምሳ አንድ ሰጧት፤ በምግባር ረድፍ «አትታዘዝም» ብለው ሞሉ። ያለምወርቅ በዚያው ውጤት ተመረቀች፤ ዘሩም በሰኔ ተዘራ።