የባናካሶንዴ መጋዘን የኋላ በር

ንዶላ ከተማ ውስጥ መጋዘን መሥራት ቀላል ነው፤ ከባዱ «መጋዘን ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው ማግኘት ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ፕላን እነድፋለሁ፣ ለከተማው ምክር ቤት አስገባለሁ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከኋላው እየተከተልኩ «እሺ ጌታዬ» እላለሁ። ስሜ ሙቢታ ነው፤ ግን በዚህ ነገር ውስጥ ስሜን የጠራው ሰው ስለሌለ ብትረሱትም አልቀየምም።

ባናካሶንዴ፣ ማለትም የካሶንዴ እናት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ያላትን ሁሉ አሟጥጣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ መጋዘን አሠራች። ፈቃዱን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ ባ ጄሬ ነበር፤ «ባ» እንደ «አቶ» ማለት ነው። እሷ ቤምባ ናት፣ እሱ ንጎኒ። የሁለቱን ጎሳ ነገር የማያውቅ ሰው አብረው ቢያያቸው ፖሊስ ይጠራል። አያቶቻቸው በጦር ተዋግተው ታረቁና ለልጅ ልጆቻቸው በምላስ መዋጋትን ፈቀዱላቸው። ቺምቡያ እንለዋለን፣ የስድብ ዝምድና ነው። ንጎኒው «ጦጣ በላ» ይላል፣ ቤምባው «አይጥ በላ» ብሎ ይመልሳል፣ የተቀየመ እሱ ባለጌ ነው። እኔ ሎዚ ስለሆንኩ ከሁለቱም ጋር የስድብ ውል የለኝም፤ የተፈቀደልኝ ቁም ነገር ብቻ ነው። በዚያ ግቢ ደግሞ ቁም ነገር ሰሚ አልነበረውም።

ባሏ የተቀበረ ዕለት ባ ጄሬ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ፣ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ማን ፈቅዶላችሁ ነው የቆፈራችሁት? ፕላኑ የታለ?» ብሎ ለቀስተኛውን ሁሉ አስቆመው። ካህኑ ሳይቀር ሳቀ። ባናካሶንዴም ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ባ ጄሬን የሚተካከል ሰው አልነበራትም፤ ብትገድሏት እንኳ ይህን ፊት ለፊት አትነግረውም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። እኔ በነደፍኩት ፕላን ላይ የኋላው የአደጋ መውጫ ወደ ውጪ ነው የሚከፈተው። ደንቡም ይኸው ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ይገፋል እንጂ አይስብም። ባናካሶንዴ ግን በሩ ሲገጠም አናጢውን ጠርታ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አስገለበጠችው።

«ማጠፊያው ውጪ ከሆነ ሌባ ነቅሎት ይገባል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው። እሳት ግን…»

«አንተ የእሳት ዘመድ ነህ እንዴ? የሚቃጠለው የኔ ንብረት፣ የሚፈራው አንተ!»

ባ ጄሬም በመጣ ቁጥር ስለ በሩ ይነግራታል። የሚነግራት ግን በእነሱ ቋንቋ ነው። «አንቺ ጦጣ በላ፣ ይሄን በር ገልብጪው! እሳት ሲነሳ ወገኖችሽ እዚህ ውስጥ ተጠብሰው ይቀሩና እኔ ጨው ይዤ እመጣለሁ!» ግቢው ውስጥ የሚሠሩት ተሸካሚዎች ይንከተከታሉ። እሷም ወገቧን ይዛ፣ «አይ ንጎኒ! እህል ከመግባቱ በፊት አይጥ ፍለጋ መጣህ? ጥቂት ታገስ፣ ይዋለዱልህ!» ትለዋለች። ከዚያ የበቆሎ ገንፎው ንሺማና ትንንሹ ዓሣ ካፔንታ ይቀርባል፣ እሱም እየተሳደበ ይበላል፣ በሩም እንደነበረ ይቆያል። እሱ የነገራት ይመስለዋል፤ እሷ የቀለደባት ይመስላታል። እኔ መሃል ቆሜ ውሃ እወቅጣለሁ።

መጋዘኑ አለቀ። ከሉሳካ አንድ የፍራሽ ነጋዴ ተከራይቶት መኪኖቹን ለሰኞ አዘጋጀ። የመጠቀሚያ ፈቃዱ በእጅ ካልሆነ ግን ዕቃውን አያራግፍም፤ ሌላ ባለመጋዘን ደግሞ ተከራይዋን ሊወስድባት እዚያው መንገድ ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ባናካሶንዴ ያላት ይኸው መጋዘን ብቻ ስለነበር ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም።

ባ ጄሬ ለመጨረሻው ቁጥጥር ሐሙስ መጣ። የጭነት መኪና መዞሪያውን አየ፣ ወደደው። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት በመደርደሪያዎቹ መሃል እንደልቡ ይዞራል። ወለሉ አልተሰነጠቀም፣ የእሳት ማጥፊያዎቹም በየቦታቸው ተሰቅለዋል። የኋላ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አሁንም አልገለበጥሽውም?»

«ምን ልገልብጥ? በአንድ ጣቴ እከፍትልሃለሁ!»

«እስቲ አሳዪኝ። የፊቱ መዝጊያ ይውረድ፣ ሁላችሁም ግቡ። ቆርቆሮ ስመታ እሳት ተነሳ በሉና በኋላ በር ውጡ። የፍራሽ እሳት ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፣ ሩጡ!»

እሱና እኔ ውጪ፣ በሩ አጠገብ ቆምን። ከውስጥ፣ ከሁሉም ፊት፣ ባናካሶንዴ ጣቷን አዘጋጅታ ቆማለች። ባ ጄሬ ቆርቆሮውን መታ። ተሸካሚዎቹ ጨዋታ አግኝተው ዝም ሊሉ ነው? «እሳት! እሳት!» እያሉ፣ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ እንደ ጎርፍ መጡ። እሷ በሩን ወደ ራሷ ለመሳብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነበረባት። ከኋላዋ ግን አንድ እርምጃ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

«አንተ ንጎኒ! ክፈት!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ባ ጄሬ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል። «በአንድ ጣቴ አላልሽም? ጣትሽ የት ሄደ?»

«ጎኔን ሰበሩኝ! አንተ አይጥ በላ፣ ክፈት እኮ ነው የምልህ!»

«ቤምባ ከመጠበሱ በፊት ይጮኻል ሲሉ ሰምቼ ነበር!»

«ባ ጄሬ፣ የምሯን ይመስለኛል» አልኩ።

«አንተ ሎዚ፣ የዘመድ ነገር ውስጥ አትግባ» አለኝ፤ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። ቀጥኖ፣ ስድቡን ሁሉ ጥሎ መጣ። «ባ ጄሬ… እባክዎን።»

ሰውየው ክው አለ። እሷ እሱን እንዲህ ስትለው በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። በሩን በትከሻው ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም፣ የሰው ክምር ከኋላው ነበረ። ዞሮ ወደ ፊት ለፊት ሮጠ፤ ያንን የሚያህል ሆድ ይዞ እንዲህ ይሮጣል ብሎ ያሰበ የለም። መዝጊያውን ሽቅብ ወርውሮ «ውጡ! በዚህ ውጡ!» ብሎ ጮኸ።

ባናካሶንዴን ከበሩ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ትከሻዋን ይዛለች፣ ወገቧ ላይ የታጠቀችው ቺቴንጌ ተፈትቷል፣ አንዱ ጫማዋ የለም። ተሸካሚዎቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። ባ ጄሬ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ስለ በሩ ስትነግረኝ የምርህን ነበር?» አለችው።

«በመጣሁ ቁጥር።»

«እኔ እኮ እስቅ ነበር።»

«እኔም አሁን ስቄያለሁ» አለ። ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። እንዲህ ሆኖ መፈረም አልችልም።» ብሎ ሄደ።

ዓርብ አናጢና በያጅ አምጥቼ በሩን ገለበጥነው። ለሌባውም መላ አበጀሁ፤ የማጠፊያውን ዘንግ ከላይና ከታች በየድነው፣ እንዳይነቀል። ይህን ድሮም ነግሬያት ነበር፤ አሁን ግን «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ብላ አመሰገነችኝ። ትከሻዋን በጨርቅ አስራ ስልኩን አፍጥጣ ታየዋለች። ቅዳሜ ምክር ቤቱ ዝግ ነው፣ ሰኞ መኪኖቹ በር ላይ ናቸው። በመጨረሻ ደወለችለት፣ አናገረችው፣ ዘጋችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ነገ እመጣለሁ አለ።»

«ታዲያ ምነው ፊትዎ?»

«‹እሺ፣ ወይዘሮ› አለኝ! ሰውየው እኮ አከበረኝ! ምን አድርጌው ነው?»

ቅዳሜ ባ ጄሬ ሰርግ ቤት ሊሄድ በነጭ ሱሪ መጣ። እንደ ባዕድ በሁለት እጁ ሰላም አላት፣ ጤናዋን ጠየቀ፣ የትከሻዋንም ነገር ጠየቀ። እሷም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ግቢው ቀዘቀዘ። ከዚህስ ስድቡ በስንት ጣዕሙ! እኔ እንኳ ናፈቀኝ።

«ዛሬ ከበሩ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ» አለ። እሷ ከኋላው ቆመች፣ ተሸካሚዎቹ ከእሷ ኋላ። እኔ ቆርቆሮውን መታሁ። ተሸካሚዎቹ ከሐሙስ ወዲህ አፍረው ስለነበር ለቁርባን የተሰለፉ ይመስል በዝግታ መራመድ ጀመሩ።

«እሳት እንዲህ ነው የሚሸሸው?» አለች ባናካሶንዴ፣ በደኅናው ትከሻዋም ባ ጄሬን ገፋችው። በሩ ብርግድ አለ። ሰውየው ከነነጭ ሱሪው ቀዩ ጭቃ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

አልተነሳም።

«ባ ጄሬ? ተጎዱ እንዴ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ደግሞ አንቺም ማክበር ጀመርሽ?» አለ፣ አፉ ጭቃ ሞልቶ። «ገፍታ የምትጥል ቤምባ ነው የማውቀው፣ ጤና የምትጠይቅ ቤምባ ከየት መጣች?»

«አንተ ሆዳም! ተነስ ከደጄ ላይ!» አለች፣ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ባ ጄሬ ጭቃውን ጠርጎ ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አድርጎ ፈረመ። ማኅተሙን እየመታ፣ «ስሚኝ» አላት፣ «ከእንግዲህ ልሰድብሽ እችላለሁ፣ ልትሰድቢኝ ትችያለሽ። ግን ‹እባክዎን› ያለ ሰው የምሩን ነው። አንቺ ብትይም፣ እኔ ብልም።»

«ይሁን» አለች።

ወረቀቱን ሰጣት። ተቀበለችው፣ ሁለት ጊዜ አየችው፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ባ ጄሬ ተንኮሉ መጣበት፤ በዓይኑ ጠቀሰኝና ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ባናካሶንዴ፣ እባክዎን…» አለ።

አላስጨረሰችውም። «ውጡ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የነበረውን ተሸካሚ ሸሚዙን ይዛ እየጎተተች በኋላ በር ወጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ እኔም ሳላውቀው ሮጥኩ። ባ ጄሬ ባዶው መጋዘን መሃል ብቻውን ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

እሷ አልሳቀችም። የወጣነውን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጠረች፣ አንድ ሰው ጎደለባት። ወደ በሩ ተመልሳ፣ ከነታሰረው ትከሻዋ፣ ወደ ውስጥ ልትገባ እግሯን አነሳች።

«ባ ጄሬ! ምን ይጠብቃሉ? ይውጡ እንጂ፣ እባክዎን!»

ሳቁን ዋጠ፤ ከዚያም እየሮጠ ወጣ።