ስልኩን አንዘጋም

"ተነሱ፣ ተነሱ፣ እየጠራ ነው!" አለ ገረመው ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር እያስደገፈ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆለፉ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም። ደጁ ደብረ ማርቆስ፣ እነሱ ደግሞ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆኑም ሥርዓት ሥርዓት ነው። የምትለመነው ልጅ ሔርሞንም ብትሆን "አባቴ እሺ ካላለ አላገባም" ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

አባቷ አቶ ካሳዬ ስልኩን አንስተው ጥቂት አፈጠጡበት።

"ሦስት ቀበቶ ይታየኛል" አሉ። "ባለቤቶቹ የሉም?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተክሉ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ገረመው ስልኩን አንስቶ ፍሪጁ አናት ላይ አቆመው፤ ፊታቸው ያኔ ታየ።

"ጤና ይስጥልኝ አቶ ካሳዬ። ገረመው እባላለሁ፤ እነዚህ ጓደኞቼ ተክሉና ገብረክርስቶስ ናቸው። ፀጋዘአብ የሚባል ጨዋ ልጅ አለን። ሔርሞንን እንዲሰጡን ደጅዎ ቆመናል።"

"የቱ ደጅ?" አሉ አቶ ካሳዬ። "እኔ ሳገባ የተላኩልኝ ሽማግሌዎች አቧራ ለብሰው፣ በእግራቸው ነው የሄዱት። ያውም ተመላልሰው! እናንተ ከአልጋችሁ ወርዳችሁ፣ ሻያችሁን ጠጥታችሁ፣ በነጻ ስልክ ልጅ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ እኮ ይህችን ቀይ ምልክት በጣቴ ብነካት ከቤቴ ወጣችሁ ማለት ነው።"

ገረመው አልተቀየመም። ሰውየው የተናገሩት እውነት ነው። እሱ ወደዚህ አገር ሲመጣ የሚደወለው በካርድ ነበር። ካርዱን ፍቆ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ተጭኖ፣ እናቱ ምርቃቱን ስትጀምርለት የካርዱ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ጥልቅ ትልና "አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል" ትላለች። ስንቱ ምርቃት መንገድ ላይ ቀርቷል! ቀጥሎ በኮምፒውተር መደወል መጣ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ገብቶ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያጠልቅ ነበር፤ ድምፁ እየዘገየ ሁለቱም ወገን አብሮ ይናገራል፣ አብሮ ዝም ይላል። አሁን የአቶ ካሳዬ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር ይታያል። ያን ጊዜ ሰው የሚሰነባበተው ካርዱ ስላለቀ እንጂ ጨዋታው ስላለቀ አልነበረም። ዛሬ ማን ያጣድፈናል? አለ በልቡ።

"በአንድ ጣት ሊያስወጡን ይችላሉ" አለ ጮክ ብሎ። "እኛ ግን የእኛን ጣት አናነሳም። እሺ እስኪሉን ስልኩን አንዘጋም።"

"ወደ ወፍጮ ቤቴ መሄዴ ነው።"

"በሰላም ይመለሱ።"

አቶ ካሳዬ ጣታቸውን አነሱ። ጣትየዋ ምልክቷ ላይ ጥቂት አንዣበበች፤ ሰውየው ግን ስልኩን ሳይዘጉ መደርደሪያቸው ላይ አቁመው ወጡ።

ባዶ ክፍል ብቻ ቀረ። አንዲት ዶሮ ገብታ፣ ወንበሩ ሥር ጫር ጫር አድርጋ ወጣች።

"ጉልበቴ አለቀ" አለ ተክሉ ቆየት ብሎ። "ከወገብ በታች እንደሆነ አንታይ፤ ብቀመጥ ምን አለበት?"

"ከወገብ በላይ ሽማግሌ፣ ከወገብ በታች ቀላማጅ ልትሆን ነው?" አለ ገረመው።

"ማናጀሬ ኮል እያደረገ ነው" አለ ገብረክርስቶስ ኪሱን ይዞ። "ሺፍት አለብኝ።"

"ዛሬ አልገባም በለው።"

"የት ነኝ ልበለው?"

"ደብረ ማርቆስ በለዋ!"

ገና እየተሳሳቁ ሳለ የሔርሞን እናት ወይዘሮ ያለምወርቅ ብቅ አሉ። ስልኩን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"እናንተዬ! እስካሁን ቆማችኋል?"

"ቆመናል እትዬ።"

ሴትዮዋ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ስልኩ አዩ። "ባትሪው ሊሞት ነው" አሉ በሹክሹክታ። ከጓዳ ቻርጀር አምጥተው ሰኩትና "እኔ የለሁበትም፣ እንዳትናገሩ" ብለው ወጡ።

አቶ ካሳዬ ሲመለሱ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሷል።

"አላችሁ?"

"አለን።"

ዓይናቸው ከስልኩ ተነስቶ ገመዱን ተከትሎ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህን ማን ሰካው?"

ወይዘሮ ያለምወርቅ በሩ ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። ገረመው ስንቱን ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አንዲት ቃል ዋሽቶ አያውቅም፤ የሽማግሌ ሀብቱ ቃሉ ነው። ሴትዮዋን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"እርስዎ?"

"እኔ።"

"ካናዳ ሆነው?"

"ኢንተርኔቱ እኮ በጣም አድጓል፣ አቶ ካሳዬ።"

የአቶ ካሳዬ ጢም ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው ሳቁ፤ ዱቄቱ ከቅንድባቸው ረገፈ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

አቶ ካሳዬ ዓይናቸውን ጠርገው ወንበር ሳቡና ስልኩ ፊት ተቀመጡ።

"በሉ እናንተም ተቀመጡ" አሉ። "ልጁ የማን ልጅ ነው?"