የወዲያ ማዶ ጠበቃ

ሼሁ ተናግረው ጨረሱና ማይክሮፎኑን ወደ ቄሱ ገፋ አደረጉት። ቄሱ ግን አላነሱትም።

በድልድዩ ጫፍ ባለችው የኬላ ቢሮ ውስጥ በወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚዋጉት ኃይሎች ሁለት አዛዦች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው ጫማውን ያያል። ሰው ላለመተያየት ይህን ያህል ይደክማል ብሎ ማን ያስባል። ማይክሮፎኑ የሬዲዮ ነው፤ እዚህ የሚባለው ሁሉ በወንዙ በወዲህም በወዲያም ማዶ በቀጥታ ይሰማል። ይህን የጠየቁት ራሳቸው አዛዦቹ ናቸው፤ ነገ አንዱ ተነሥቶ አላልኩም እንዳይል።

ቄሱና ሼሁ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የተጣላ በማስታረቅ ነው። የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ አጥር የተጋፉ ጎረቤታሞች፣ ውርስ ያፋጃቸው ወንድማማቾች፣ እነሱ ያልገቡበት ጠብ የለም። ታዲያ አንድ የማይለቁት አሠራር አላቸው፤ ማንም በራሱ ወገን ላይ የደረሰውን በደል አይናገርም። የባል ወገን የሆነው የሚስትን ብሶት፣ የሚስት ወገን የሆነው የባልን ብሶት ይናገራል። ሰው ብሶቱን ከባላጋራው ወገን አፍ ሲሰማው ግማሹ ንዴት ይበርድለታል ይላሉ ሼሁ። የቀረውን ግማሽ ምሳ ያበርደዋል ብለውም ይስቃሉ።

ዛሬም እንደዚያው ተስማምተው ነው የገቡት። የወዲያ ማዶው ሼህ በወዲህ ማዶ፣ በቄሱ ወገን ላይ የደረሰውን በደል አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ አንጀት በሚበላ አነጋገር። መድኃኒት ያለቀበትን ሆስፒታል፣ የተቃጠለውን ወፍጮ ቤት፣ በመጨረሻም ድልድዩን እየተሻገረ ሳለ በጥይት የተመታውን የነርሷን ልጅ ተናገሩ። የመታው የእኛ ሰው ነው ሲሉ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም።

ነርሷ የቄሱ እህት ናት። ልጁንም እጅ ይዘው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ተራው የእሳቸው ነው፤ ልጁን ለገደሉት ሰዎች ጠበቃ ሊቆሙ። እህታቸው ደግሞ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ሬዲዮዋን ከፍታ እየሰማች ነው። ትናንት ይህን ሊነግሯት ቤቷ ድረስ ሄደው ነበር። ያ ሕዝብ ፊት እንደ ልቡ የሚናገር አፍ እሷ ፊት ተሳሰረባቸውና፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ ሲያወሩ ቆይተው ተመለሱ። ከእናታቸው ልጆች የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ከተናገሩ እሷንም እንደሚያጧት አልተጠራጠሩም።

ካልተናገሩ ደግሞ ዕርቅ የለም። የወዲያ ማዶው አዛዥ ሊነሣ ወንበሩን ገፋ ማድረግ ጀምሯል።

ሼሁ በጠረጴዛው ሥር የቄሱን ጉልበት ነካ አደረጉ። «ከከበደህ እኔው ልቀጥል» አሉ በሹክሹክታ።

«አይሆንም። አንተ ለወገንህ ከተናገርክ ልመና ይሆናል» አሉ ቄሱ፤ ማይክሮፎኑንም ሳቡት።

መጀመሪያ ስለ ተዘጋው መንገድ፣ ማሳ ላይ ስለቀረው እህል ተናገሩ። ከዚያ ወደ ገበያው መጡ፤ በገበያ ቀን ከወዲህ ማዶ ስለተተኮሰው መድፍ።

«እዚያ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች» አሉ። «ሁለት ልጆቿ የስፌት መኪናዋን ተሸክመውላት ገበያ ወጡ። ሁለቱም አልተመለሱም። የተኮስነው እኛ ነን። ለእህቴ ልጅ ያለቀስኩትን ያህል ለእነሱም ማልቀስ ነበረብኝ።»

አለቀሱም። ሬዲዮው አለ የለም ሳይሉ እንደ ልጅ አለቀሱ።

የወዲያ ማዶው አዛዥ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። የወዲህ ማዶው አዛዥ ገበያ መሆኑን አላወቅንም ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ቆመ።

«ማወቅ ነበረብን» አለ ቆይቶ። ይህን ሲል ቀና ብሎ ያየው ቄሱን ሳይሆን የወዲያ ማዶውን አዛዥ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ቀለለ። ተኩሱ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ እንዲቆም፣ ድልድዩ ዛሬውኑ እንዲከፈት፣ የመድኃኒት መኪኖች ቀድመው እንዲያልፉ ተስማሙ። ሼሁ «ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ዝጋው» ብለው ለሬዲዮው ሰው ሲጠቅሱት አዛዦቹ ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ውጭው ሌላ ዓለም ሆኖ ጠበቃቸው። እልልታው፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ የሰዉ ጩኸት ጆሮ አያሰማም። ትናንት ሲታኮሱ የነበሩ ጎረምሶች የአሸዋውን ጆንያ ከሁለቱም ጫፍ እያነሡ ይወረውራሉ። ቄሱንና ሼሁን ሰዉ ተሻምቶ ያቅፋቸዋል። የቄሱ ደስታ ደስታ ነው፤ ልባቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ዓይናቸው ግን ከሆስፒታሉ መንገድ አልተነቀለም።

እዚያ ናት። ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ሰዉን እየገፋች መጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ወንድምጋሼ፣ ሁሉንም ሰማሁ» አለች።

«ትናንት ልነግርሽ ነበር የመጣሁት።»

«ስለ ጣሪያ ልታወራ እንዳልመጣህማ ገብቶኛል።»

ሌላ ነገር ትላለች ብለው ሲጠብቁ ወደ ሼሁ ዞረች። «ያቺ ልብስ ሰፊ፣ ቤቷ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሼሁ ከድልድዩ ማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው ብለው በእጃቸው አሳዩዋት። የድልድዩ ጠባቂ «ሰው የሚሻገረው ከመኪኖቹ በኋላ ነው» ሊል ሲል የወዲያ ማዶው አዛዥ ተዋት አለው።

ቄሱ አብረዋት ሊሄዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እሷ ደረታቸው ላይ መዳፏን አድርጋ አቆመቻቸው።

«አንተ ድርሻህን ተናግረሃል» አለች። «ይሄኛው የእናቶች ነው።»

ድልድዩ መሃል፣ ልጇ የወደቀበት ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ቄሱ ትመለሳለች ብለው ፈሩ። እሷ ግን የጋውኗን ቁልፎች ፈትታ ጋውኗን አጥፋ በክንዷ ያዘች፤ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ለቀስተኛ ሆና ወደ ማዶ ቀጠለች።